ኮምፒዩተር «አላገኘሁም» ቢል የለም ማለት አይደለም

በትምህርት ቤታችን የ60ኛ ዓመት በዓል መክፈቻ ዕለት በኮምፒዩተር ክበብ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር






 የንግግራችን ርእስ ለበዓል ቀን ደረቅ መስሎ ሊታያችሁ ይችል ይሆናል። ይኸውም በግል ኮምፒዩተር ውስጥ ከተቀመጡት ጽሑፎች መካከል አንድን ቃል ፈልጎ ማግኘት እስከ ምን ድረስ እንደሚቻልና ከየት ላይ እንደሚቆም ነው። ይህን ጉዳይ እንድንመረምር ያስገደዱን አንድ ሽማግሌ ስለ ሆኑ፣ ነገሩን ከእሳቸው እንጀምራለን።

ለበዓሉ በሚታተመው መጽሔት ላይ የሚወጣውን የቀድሞ ተማሪዎች ስም ዝርዝር እንድናዘጋጅ ለክበባችን ታዘዘ። የትምህርት ቤቱ አሮጌ መዝገቦች፣ ቃለ ጉባኤዎችና የሽልማት ዝርዝሮች ባለፉት ዓመታት በልዩ ልዩ ሰዎች እጅ ወደ አንድ ኮምፒዩተር ስለ ገቡ ሥራው እጅግ ቀላል መስሎን ነበር። ስም መጻፍ፣ አንድ ቁልፍ መጫን፣ የወጣውን መገልበጥ፤ በቃ። እንዲያውም በአንድ ሳምንት ውስጥ እንጨርሳለን ብለን ለመምህራችን ቃል ገባን።

ሥራውን በጀመርን በሦስተኛው ቀን ጋቢ የለበሱ አንድ አዛውንት ከዘራቸውን ተደግፈው ወደ ክፍሉ ገቡ። ይህ ትምህርት ቤት ሲከፈት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አንዱ እንደ ነበሩ፣ አባታቸው ስለ ሞቱባቸው ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ ወደ እርሻ እንደ ተመለሱ አጫወቱን። ከዚያም፣ «ልጆቼ፣ እኔ የምስክር ወረቀት የለኝም። ስሜ በመጽሔታችሁ ላይ ከወጣ ግን ለልጅ ልጆቼ አሳያቸዋለሁ» አሉን። እኛም አክብረን ወንበር ሰጠናቸው፤ ስማቸውን ከነአባታቸው ጻፍን፤ ቁልፉን ተጫንን። ኮምፒዩተሩ ጥቂት ቈየና ምንም እንዳላገኘ ገለጸ። ሁለተኛ ጊዜ ሞከርን፤ መልሱ ያው ነው። «አባባ፣ ስምዎ የለም» አልናቸው። ሽማግሌው የኮምፒዩተሩን መስታወት ለጥቂት ጊዜ ተመለከቱና፣ «መሣሪያው የለም ካለ እንግዲህ ምን ይደረጋል» ብለው ጋቢያቸውን አስተካክለው ወጡ።

በማግሥቱ ይህን ለመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ስናጫውታቸው ፊታቸው ተለወጠ። «የት የት ፈለጋችሁት?» አሉን። «ኮምፒዩተሩ ውስጥ ነዋ፣ እትዬ» ብለን መለስን። «ኮምፒዩተሩ ውስጥ የት? በምን አጻጻፍ? ደግሞስ ያ መዝገብ በፊደል ነው ያለው ወይስ በፎቶግራፍ?» ሲሉ ደግመው ጠየቁን። የምንመልሰው አልነበረንም። አንድን ሰው ከነሕይወቱ «አልነበርክም» ብለን ስንሸኝ፣ ምን ያህል እንደ ፈለግን እንኳ አናውቅም ነበር። ዛሬ የምንነግራችሁ ከዚያ ጥያቄ በኋላ የተማርነውን ነው።

ኮምፒዩተር አንድን ቃል የሚፈልገው በሁለት መንገድ ነው። የመጀመሪያው መንገድ ጽሑፉን ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው ፊደል እያንዳንዱን መስመር ማንበብ ነው። በአሜሪካ አገር በቤል የምርምር ተቋም ይሠራ የነበረው ኬን ቶምሰን የሠራው ግሬፕ የሚባለው መሣሪያ እንዲህ ያለ ነው። ይህ መሣሪያ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1973 ዩኒክስ ከሚባለው ሥርዓት ጋር ወጥቶ እስከ ዛሬ ድረስ ይሠራበታል። ሐቀኛ መንገድ ነው፤ ዳሩ ግን ፋይሉ ሲበዛ ብዙ ጊዜ ይፈጃል።

ሁለተኛው መንገድ ማውጫ አስቀድሞ ማዘጋጀት ነው። በትላልቅ መጻሕፍት መጨረሻ ላይ እያንዳንዱ ቃል በየትኛው ገጽ እንደሚገኝ የሚያመለክት ዝርዝር አለ። ኮምፒዩተርም ሥራ ሲፈታ ፋይሎቹን እያነበበ እንዲህ ያለውን ዝርዝር ለራሱ ይጽፋል፤ ጠያቂ ሲመጣ የሚገልጠው ይህን ዝርዝር ነው። አፕል የተባለው ኩባንያ ስፖትላይት የሚለውን መፈለጊያ በ2005 በማክ ላይ አወጣ፤ ማይክሮሶፍትም በ2007 ለሕዝብ በሸጠው ቪስታ በተባለው ዊንዶስ ውስጥ ተመሳሳዩን አስገባ። ጉግል በ2004 ለግል ኮምፒዩተር ያወጣውን መፈለጊያ በ2011 አቁሞታል። የማውጫው ጥቅም ፍጥነት ነው። በብዙ ሺህ ከሚቈጠሩ ፋይሎች መካከል የተፈለገውን በዐይን ጥቅሻ ያመጣል።

ታዲያ ጉድለቱም የሚመጣው ከዚያው ከጥቅሙ ነው። እኛ መዝገቡን ፈለግን ብለን ስናስብ በእውነት የፈለግነው የመዝገቡን ማውጫ ነው። ማውጫው ውስጥ ያልገባ ነገር በዲስኩ ላይ ተኝቶ ሳለ እንደሌለ ይቈጠራል። አበው «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይላሉ። ኮምፒዩተርም የያዘውን አይለቅም፤ ግን ሲጠየቅ ሁሉን አውጥቶ አይሰጥም።

አሁን ከፍለጋው ወሰኖች ዋና ዋናዎቹን አንድ በአንድ እንመልከት።

የመጀመሪያው ወሰን የቦታ ነው። ዊንዶስ ልዩ ትእዛዝ ካልተሰጠው በቀር ማውጫ የሚያዘጋጀው ተጠቃሚው ዘወትር ለሚሠራባቸው ፎልደሮች ነው። ብዙዎቻችን ግን አስፈላጊ የምንለውን ሥራ ዲ በሚባለው የዲስክ ክፍል ወይም በፍላሽ እናስቀምጣለን። እዚያ ስንፈልግ ኮምፒዩተሩ እንደ ተለመደው የሚመለከተው የፋይሉን ስም ብቻ ነው፤ ውስጡን እንዲያነብ ከተፈለገ በፎልደር ምርጫዎች ውስጥ ገብቶ ማዘዝ ያሻል። በዚፕ የታሸገውንም እንዲፈታ ለብቻው መታዘዝ አለበት። ከዚህም ሌላ እያንዳንዱ የፋይል ዓይነት የራሱ አስተርጓሚ ያስፈልገዋል። ለምሳሌ ወርድ ከ2007 ወዲህ የሚጽፈው ፋይል ራሱ ውስጡ የታሸገ ስለ ሆነ፣ የሚፈታበትን መንገድ የማያውቅ መሣሪያ ከፋይሉ ውስጥ አንድም የአማርኛ ቃል አያይም። በይለፍ ቃል የተቈለፈማ ምንም አይነበብም።

እኛም የመጀመሪያውን ስሕተታችንን ያገኘነው እዚህ ላይ ነው። መዝገቦቹ ሁሉ በዲ ላይ ነበሩ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ፋይሎች ደግሞ ከብዙ ጊዜ በፊት ቦታ ለመቈጠብ በዚፕ ታሽገው ኖሯል። ስለዚህ በዚያን ቀን በሽማግሌው ፊት የሠራነው ሥራ፣ መዝገብ ቤቱን ሳይከፍቱ በሩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቦ እንደ መመለስ ነበር።

ሁለተኛው ወሰን ፊደልና ሥዕል የተለያዩ መሆናቸው ነው። አንድ አሮጌ ገጽ በስካነር ሲነሣ ለሰው ዐይን ጽሑፍ ሆኖ ይታያል። ለኮምፒዩተሩ ግን ያ ገጽ የጥቍርና የነጭ ነጥቦች ስብስብ ነው፤ የላም ፎቶግራፍና የመዝገብ ፎቶግራፍ በእሱ ዘንድ አንድ ናቸው። ፋይሉ ፒ.ዲ.ኤፍ. ተብሎ ቢጠራም ነገሩን አይለውጠውም። አንድ ገጽ ፊደል ይሁን ሥዕል ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። ፋይሉን ከፍቶ አንዱን ቃል በማውዝ ለመምረጥ መሞከር ነው። ቃሉ ለብቻው የማይመረጥ ከሆነ ገጹ ሥዕል ነው፤ ሥዕልም ከሆነ ተራው ፍለጋ አያገኘውም።

እርግጥ ነው፣ ሥዕልን ወደ ፊደል የሚመልሱ መሣሪያዎች አሉ። በሂውሌት ፓካርድ ኩባንያ ተጀምሮ በ2005 ለሕዝብ በነፃ የተለቀቀው ቴሴራክት አማርኛም ያነባል። ሆኖም የተሠራው ለማተሚያ ቤት ፊደል እንጂ ለእጅ ጽሕፈት አይደለም። በጥሩ ወረቀት ላይ በታተመው እንኳ ቢሆን «ለ»ን ከ«ሰ» ያምታታል፤ ቀለሙ በደበዘዘበት ገጽ ላይ ሳድሱን ከግዕዙ አይለይም። ለጠቅላላ ንባብ ይህ ትንሽ ስሕተት ነው። በስም ላይ ሲሆን ግን አንዷ ፊደል ከተለወጠች ሰውዬው ጠፋ ማለት ነው። እኛ የፈለግነው መዝገብ በጥቍር ቀለምና በብዕር የተጻፈ ነበር። ፎቶግራፉ ተነሥቶ የተቀመጠበት ፋይል ደግሞ «ስካን» ከሚል ቃልና ከቍጥር በቀር ምንም የማይናገር ስም ነበረው። ከእነዚህ ፋይሎች ውስጥ የሚፈለገውን ለማግኘት በሰው ዐይን ገጽ በገጽ ከመመልከት በቀር ሌላ መንገድ አልነበረም።

ሦስተኛው ወሰን በተለይ እኛን ኢትዮጵያውያንን የሚመለከት ነው። ኮምፒዩተር ፊደልን የሚያውቀው በቍጥር ነው፤ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቍጥር አለው። የእኛ መሠረታውያን ፊደላት 33 በ7 ተባዝተው 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹና ቍጥሮቹ ሲጨመሩ ከዚያ ይበልጣሉ። የጥንቶቹ ፎንቶች ግን ከ256 የማይበልጥ ቦታ ነበራቸው፤ ከዚያም ውስጥ ጥቂቱ ለሌላ ሥራ የተያዘ ነበር። ስለዚህ የአማርኛ ፎንት የሚሠሩ ሰዎች ለላቲን ፊደል በተሰጠው ቍጥር ላይ የግዕዙን መልክ ይሥሉ ነበር፤ አንዳንዱን ፊደል ከሁለት ቍራጭ ይገጥሙት ነበር፤ ሠሪው ሁሉ የየራሱን አደላደል ይከተል ነበር። ይህ በዚያን ዘመን የሚመሰገን ብልሃት ነበር፤ አማርኛን በኮምፒዩተር ለመጻፍ ያስቻለን እሱ ነውና። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ መዝገብ ውስጥ የራሱን ቍጥር ያገኘው በ1999 ነው። ከዚያም በኋላ ቢሆን የድሮዎቹ ፎንቶች በየመሥሪያ ቤቱ ለብዙ ዓመታት ሲሠራባቸው ቈይተዋል።

ውጤቱ ምንድን ነው? በአሮጌ ፎንት የተጻፈ «ትምህርት» የሚለው ቃል በወረቀት ላይ ሲታተም ትምህርት ይላል። ኮምፒዩተሩ ውስጥ ግን ያለው የላቲን ፊደላትና የምልክቶች ቅልቅል ነው። ዛሬ በዩኒኮድ ኪቦርድ «ትምህርት» ብለን ስንፈልግ፣ የጠየቅነው ሌላ ቍጥር፣ የተቀመጠው ሌላ ቍጥር ስለ ሆነ ሁለቱ አይገናኙም። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ፋይሉ ሲከፈት የሚታየው ትርጕም የሌለው ጽሑፍ ስለ ሆነ፣ ተበላሽቷል ብለው የሚደመስሱት ሰዎች እንዳሉ ሰምተናል። እኛም አንድ እንዲህ ያለ ፋይል አግኝተን ልንጥለው ምንም አልቀረን። በኋላ ፎንቱን ፈልገን ብንከፍተው የመጀመሪያዎቹ ዓመታት የስፖርት ሽልማት ዝርዝር ሆኖ ተገኘ። በሩጫ ሁለተኛ ከወጡት መካከል የሽማግሌው ስም ተጽፎ ነበር።

አራተኛው ወሰን የራሳችን የአጻጻፍ ልማድ ነው። ኮምፒዩተር ድምፅ አይሰማም፤ «ሀ» እና «ሐ» እና «ኀ» በእሱ ዘንድ ሦስት ልዩ ልዩ ፊደላት ናቸው። ፀሐይ የሚለውን ቃል እንውሰድ። የመጀመሪያውን ፊደል በ«ጸ» ወይም በ«ፀ» መጻፍ ይቻላል፤ ሁለተኛውን በ«ሀ»፣ በ«ሃ»፣ በ«ሐ»፣ በ«ሓ»፣ በ«ኀ» ወይም በ«ኃ» መጻፍ ይቻላል። ሁለት ጊዜ ስድስት 12 ነው። አንድ ቃል ለሰው ጆሮ አንድ ሲሆን ለኮምፒዩተር ዐሥራ ሁለት ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ትክክለኛው አጻጻፍ አንዱ ነው ብለው መምህራኖቻችን ሊቈጡን ይችላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ነገር ግን መዝገቡን የጻፉት ሁሉ እንደ መምህራኖቻችን የተጠነቀቁ አይደሉም፤ ፈላጊውም መገመት ያለበት ጸሐፊው የጻፈውን እንጂ መጻፍ የነበረበትን አይደለም።

በስም ላይ ደግሞ ችግሩ ይበረታል። ገብረ መድኅን የሚለውን ስም አንዱ ለያይቶ «ገብረ መድኅን» ይለዋል፤ ሌላው አገናኝቶ «ገብረመድኅን» ይለዋል፤ ሦስተኛው በጽሕፈት ቤት ልማድ «ገ/መድኅን» ብሎ ያሳጥረዋል። «ኅ»ም በ«ህ» ወይም በ«ሕ» ሊተካ ስለሚችል ሦስት በሦስት ዘጠኝ አጻጻፍ ይሆናል። ወልደንና ኃይለን፣ ወይዘሮንና መምህርን፣ «ትምህርት ቤት»ን ራሱን «ት/ቤት» እያልን የምናሳጥር ሕዝብ መሆናችንን አትርሱ። የሽማግሌው የአባት ስም በ«ገብረ» የሚጀምር ነው፤ በቃለ ጉባኤው ውስጥ የተጻፈው ግን በ«ገ» እና በአንዲት አግድመት መስመር ነበር። ያቺ ትንሽ መስመር በዚያን ቀን ከእኛ ሰወረቻቸው።

በዚህ ላይ የቋንቋችን ጠባይ ይጨመራል። ማውጫ የሚሠራው መሣሪያ ጽሑፉን በየቃሉ ይከፋፍልና ብዙውን ጊዜ የሚያመሳክረው ከቃሉ መጀመሪያ ነው። በአማርኛ ግን «የ»፣ «ለ»፣ «በ»፣ «ከ»፣ «ስለ»፣ «እንደ» ከቃሉ ፊት ተጣብቀው ይጻፋሉ። «መምህር» ብሎ የፈለገ ሰው «መምህርነት»ን ቢያገኝ እንኳ «ለመምህር» እና «ከመምህር» ሊያመልጡት ይችላሉ። ግሡም እንደዚሁ ነው። ሰበረ፣ ይሰብራል፣ ስብራት የአንድ ሥር ልጆች መሆናቸውን ሕፃን ያውቃል። ለኮምፒዩተር ግን «በ» እና «ብ» እንደ «በ» እና «ቀ» የተራራቁ ሁለት ቍጥሮች ስለ ሆኑ ዝምድናቸውን አያይም።

አምስተኛውና የመጨረሻው ወሰን የትርጕም ነው። ፊደሉ ትክክል ቢሆን፣ ቦታውም ቢታወቅ፣ የፈለግነውን ነገር ጸሐፊው በሌላ ቃል ጠርቶት ሊሆን ይችላል። በዚህ ነገር ላይ ብሌርና ማሮን የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ሊቃውንት በ1985 ያወጡት ጥናት እኛን እጅግ አስደንቆናል። ለአንድ ትልቅ ክስ 40,000 ያህል ሰነዶች፣ በገጽ ሲቈጠሩ 350,000 ያህል፣ በኮምፒዩተር ውስጥ ገብተው ነበር። ጠበቆቹ ከሚያስፈልጋቸው ሰነድ ቢያንስ 75 በመቶ የሚሆነውን ማግኘት እንዳለባቸው ተናገሩ፤ ሲፈለግም ቈይቶ ያን ያህል እንዳገኙ አመኑ። ሲመረመር ግን የተገኘው በአማካይ 20 በመቶ ያህል ብቻ ነበር። ምክንያቱን ስናነብ ሰው በሁሉ አገር አንድ መሆኑን ተረዳን። የደረሰውን ጉዳት አንዱ ወገን «አደጋ» ብሎ ሲጽፈው፣ ሌላው ወገን በጥፋተኝነት እንዳይያዝ ፈርቶ «ሁኔታ» ወይም «ክስተት» ብሎ ይጽፈው ነበር። «አደጋ» ብሎ የፈለገ ሰው «ክስተት»ን አያገኝም።

ከዚህ ጥናት የምንማረው ትልቁ ነገር ግን መቶኛው አይደለም። ጠበቆቹ ያልተገኘውን አላወቁም፤ ሥራቸው የተሟላ መስሏቸው ነበር። ፈላጊ ያገኘውን ያያል፤ ያመለጠውን ግን አያይም። እኛም እንዲሁ ነበርን። በራሳችን መዝገብ ውስጥ ብንመለከት በአንድ ዘመን «ዲሬክተር» የተባለው በሌላ ዘመን «ርእሰ መምህር» ነው፤ ትናንት «ሐኪም ቤት» የተባለው ዛሬ «ሆስፒታል» ነው፤ «ዘበኛ» የነበረው «የጥበቃ ሠራተኛ» ሆኗል። ከአብነት ትምህርት ቤት የወጣ አንድ የመጽሐፍ መምህር ስለ አንድ ቃል ቢጠየቅ፣ ቃሉ ባይጠራም ምሥጢሩ ያለበትን ምዕራፍ ጠቅሶ «አንድም» እያለ ያተታል። እሱ የሚፈልገው በትርጕም ነው። ተራው የኮምፒዩተር ፍለጋ በፊደል ብቻ ይሄዳል።

ምናልባት ከመካከላችሁ አንዱ፣ «ዛሬ እኮ ትርጕም የሚያውቁ መሣሪያዎች መጥተዋል» ይል ይሆናል። እውነት ነው። የቃላትን ዝምድና በቍጥር አስልተው ተመሳሳይ ሐሳብ ያለበትን ጽሑፍ የሚያመጡ አሉ፤ ወደፊትም ይሻሻላሉ። ሆኖም የሠለጠኑት ብዙ ጽሑፍ ባላቸው ቋንቋዎች ስለ ሆነ በአማርኛ የዚያን ያህል አይረዱንም። ደግሞም እነሱ ቢሆኑ ያልተከፈተውን እሽግ፣ ያልተነበበውን ሥዕል፣ ያልታወቀውን ፎንት ሊተረጕሙ አይችሉም። መጀመሪያ ጽሑፉ በፊታቸው መቅረብ አለበት፤ ይህን የሚያቀርበው ሰው ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ከደረሰብን ነገር ተነሥተን የሚከተለውን ለወንድሞቻችንና ለእኅቶቻችን እንመክራለን።

1ኛ/ ፋይል ሲቀመጥ ስሙ ይናገር። «ስካን» ወይም «አዲስ ፎልደር» ብሎ ማስቀመጥ ልጅን ስም ሳያወጡ እንደ ማሳደግ ነው። «1962 ዓ.ም. የሽልማት ዝርዝር፣ ዘጠነኛ ክፍል» ተብሎ ቢጻፍ ውስጡ የማይነበብ እንኳ ቢሆን ስሙ ይገኛል። አበው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ማለታቸው ለዚህም ይሆናል።

2ኛ/ አሮጌ ገጽ በስካነር ሲነሣ በውስጡ ያሉት ስሞች በአጭር ዝርዝር ተጽፈው ከጎኑ ይቀመጡ። ለአንድ ገጽ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው።

3ኛ/ በአሮጌ ፎንት የተጻፉት ወደ ዩኒኮድ ይለወጡ፤ የቀድሞውም ቅጂ ከነፎንቱ ይጠበቅ። ያልገባንን ፋይል ከመደምሰሳችን በፊት አንድ የሚያውቅ ሰው እንጠይቅ።

4ኛ/ ስም ስንፈልግ በሚቻለው አጻጻፍ ሁሉ እንፈልግ፤ አጠራጣሪ ፊደል የሌለበትን የስሙን ክፍል ብቻ ጽፈንም እንሞክር። ቃሉን ሲጠራው የነበረው ሰው ያን ጊዜ ምን ይለው እንደ ነበረ አረጋውያንን እንጠይቅ።

5ኛ/ ፍለጋውን ከማመናችን በፊት እንፈትነው። በዚያው ፎልደር ውስጥ መኖሩን በዐይናችን ያየነውን ቃል አስቀድመን እንፈልግ። ያን ካላገኘው፣ ስለ ሌላው «የለም» ቢለን ልናምነው አይገባም።

6ኛ/ «የለም» የሚለውን ቃል በጥንቃቄ እንጠቀምበት። ሰው ሲጠይቀን «በዚህ ቦታ፣ በዚህ አጻጻፍ ፈልገን እስከ አሁን አላገኘንም» ማለት እንልመድ። አረፍተ ነገሩ ረዘም ይላል፤ ግን እውነት ነው።

የሽማግሌውን ነገር ሳንጨርስ ብንወርድ ደግ አይሆንም። ፍለጋው አንድ ሳምንት ይበቃል ያልነው ሁለት ወር ፈጀ። ስማቸውን በሽልማቱ ዝርዝርና በቃለ ጉባኤው ካገኘን በኋላ ዋናውን የምዝገባ መዝገብ ፎቶግራፍ ገጽ በገጽ ስናይ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተገኘ። ገጹን አትመን ወደ ቤታቸው ወሰድንላቸውና ይቅርታ ጠየቅን። ወረቀቱን ወደ ብርሃን አስጠግተው ስማቸውን ከማየታቸው በፊት ጽሕፈቱን አወቁት። «ይኸ የመምህራችን እጅ ነው፤ “ገ”ን እንዲህ አንገቷን አስረዝሞ የሚጽፍ እሱ ብቻ ነበር» አሉን። ኮምፒዩተሩ ይህን ሊነግረን አይችልም ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ስማቸውን በጣታቸው የነኩት።

እሳቸው ዛሬ ከመካከላችን ተቀምጠው ያዳምጡናል። ይሁን እንጂ ልባችን ፈጽሞ አላረፈም። እሳቸው በእግራቸው መጥተው ስለ ጠየቁን ተገኙ። ሳይመጡ የቀሩ፣ በሩቅ አገር ያሉ፣ ወይም ያረፉና የሚጠይቅላቸው ያጡ ስንት እንደ ሆኑ አናውቅም። ስለዚህ በሚታተመው የስም ዝርዝር መጨረሻ ላይ ይህ ቃል እንዲገባ ክቡር ዲሬክተራችንን ለምነን ተፈቅዶልናል። «ይህ ዝርዝር እስከ አሁን ያገኘነው ነው። ስሙን ያጣ፣ ወይም የሚያውቀውን ሰው ስም ያጣ ሁሉ ወደ ክበባችን ይምጣ፤ እንደገና እንፈልጋለን።» በአዳራሹ ውስጥ ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎችም አሮጌ ፎቶግራፍና ደብተር ካላችሁ፣ የጓደኞቻችሁን ስም በቃላችሁ የምታስታውሱ ከሆነ፣ ከዚህ በዓል ሳትወጡ እንድትነግሩን በትሕትና እንለምናችኋለን።

የመዝገብ ቤታችን እትዬ «የት የት ፈለጋችሁት?» ብለው ባይጠይቁን ኖሮ ይህን ሁሉ ባላወቅን ነበር። ስለዚህ ምስጋናችን ለእሳቸው ይሁን። ለትምህርት ቤታችንም መጪውን ዘመን የዕውቀትና የሰላም ያድርግልን።